በአሜን የጸደቀ ደንብ

አዳማ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ጂብሪል ዓብዱ
የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጤና ቡድኖች ማኅበር ጸሐፊ
ሻሸመኔ

«ማኅበሩ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ወለንጪቲ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ዕድሜው ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ማንኛውም ተጫዋች ከእንግዲህ በማኅበሩ ግጥሚያዎች እንዳይሰለፍ የቀረበውን ሐሳብ ተሰብሳቢው በሙሉ አሜን በማለት አጽድቆታል። ደንቡ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።»

ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፣ አንድ ቃልም አልቀነስኩም። በቡድናችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከሥሩ አንዱ ተጫዋቻችን የሚያለቅስ ፊት፣ ሌላው የሚስቅ ፊት አስቀምጦበታል። እኔ የምለው ግን በወረቀት ነው።

በመጀመሪያ፣ የካቲት 12 ቀን ወለንጪቲ ላይ ስብሰባ አልነበረም። የነበረው ለቅሶ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ከእኛ ጋር ሲጫወት ሜዳ ላይ ወድቆ የቀረው የወለንጪቲው ግብ ጠባቂ የሰብስቤ ሠልስት ነበር። የተቀመጥነው ድንኳን ውስጥ ነው። አጀንዳ ያነበበ፣ ስም የጠራ፣ እጅ የቆጠረ ሰው አልነበረም። እርስዎም እንደ እኔ ሊያለቅሱ እንጂ ቃለ ጉባኤ ሊይዙ የመጡ አልመሰለኝም ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ደንብ እንዴት እንደሚለወጥ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 17 ተጽፏል። ለውጥ የሚፈልግ አባል ቡድን ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል። ሌሎች ሁለት ቡድኖች ደግፈው ይፈርሙበታል። ጽሑፉ ከጠቅላላ ጉባኤው ሠላሳ ቀን በፊት ለሁሉም ይደርስና ተጫዋቾች ይነጋገሩበታል። በጉባኤው ላይ የሚቃወም ሰው ይናገራል። ከዚያ ከቡድኖቹ ሁለት ሦስተኛው እጃቸውን ካወጡ ይጸድቃል። ይህን አንቀጽ ማን እንደጻፈው እርስዎ አያጡትም። ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ቤት ተቀምጠን፣ እኔ እየተናገርኩ እርስዎ የጻፉት ነው። ስምንት ከተሞች የተስማሙት በዚያ ላይ ነው።

ትንሽ ነገር ነው ይሉኝ ይሆናል። እኛ ባለሙያ ተጫዋቾች አይደለንም። ቦርጭና ስኳር ፈርተን እሁድ ማለዳ ኳስ የምናባርር፣ በወር አንዴ ደግሞ ከከተማ ከተማ እየሄድን የምንጋጠም ጎልማሶች ነን። ነገር ግን መንግሥት አይደለንም፣ ፖሊስ የለንም። አንድ ላይ የሚያቆየን ያ ወረቀት ብቻ ነው። እሱን ከተውን፣ ማለዳ ተነስተው የሚጨቃጨቁ ሰዎች ብቻ ነን።

እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ደንቡ እንደሚያስወጣኝ ደብቄ አልከራከርም።

ስለዚህ ደንቡ እንዲሻር፣ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ስም እንዲገለጽልኝ፣ ሃምሳ አምስት የሚለው ቁጥርም ከየት እንደመጣ እንዲብራራልኝ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።

ዘካርያስ አብተው (ኢንጂነር)
የአዳማ ማለዳ ጤና ቡድን አምበል


ሻሸመኔ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017

ወንድሜ ዘኪ፣

አካም ጂርታ? እንቁ ደህና ናት? ልጆቹስ?

ደብዳቤህን የአዳማው ሚኒባስ ሾፌር ልክ በማፍጠሪያው ሰዓት አደረሰልኝ። ቴምሩን በአንድ እጄ፣ ደብዳቤህን በሌላው ይዤ «እርስዎ» የሚለው ላይ ስደርስ ቴምሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዓለማያ አንድ ዶርም ውስጥ እኔ ከታች አንተ ከላይ ተኝተን፣ አንድ ደህና ሱሪ ተራ በተራ ለብሰን፣ ዛሬ እርስዎ ሆንኩልህ? ሳልኩ ሳልኩና ጂቱ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ዘካርያስ ተናዶ ነው።»

«ኧረ እንግዲያው ደህና ነው» ብላ ተመለሰች።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን አንተም አይተሃል። የስምንቱም ከተማ አምበሎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ነበር። የሰብስቤ ባለቤት የሺዓለም ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ፊታችን መጥታ ቆመች። የተናገረችውን ተናገረች። ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም። ከዚያ የእኛ ሽማግሌ ኦቦ ቶኩማ ተነስተው መረቁ፤ እኛም መዳፋችንን ዘርግተን አሜን አልን። አንተ አጠገቤ ነበርክ። ቸርች እንደለመድከው ከሁላችንም ጮክ ብለህ ነው ያልከው። ጆሮዬ ምስክር ነው።

ሁለት ሦስተኛ አልክ። በየትኛው ጠቅላላ ጉባኤ ነው ስምንታችን ተሟልተን የምናውቀው? ባቱ ስንጠራ መቂ ይቀራል። ሞጆ ሲመጣ አቦምሳ መኪና አጣሁ ይላል። ያን ቀን ማንም አልቀረም። ዘኪ፣ እኛ የምንሟላው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ታዲያ በተሟላንበት ቀን የተባለውን ብጽፍ ምን አጠፋሁ?

እስቲ ይህን አንድ ዓመት ዕረፍት ውሰድ። መስመር ዳር ቆሞ ዳኛ መሳደብም ስፖርት ነው፤ አንተ ደግሞ ለእሱ የተፈጠርክ ነህ።

እንቁን ሰላም በልልኝ። ጾሙ እንዲቀለን ጸልይልን፤ እኛም ለእናንተ።

ጂብሪል


አዳማ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017

ጂብሪል፣

ዘግይቶም ቢሆን ኢድ ሙባረክ። ጂቱንና ልጆቹን እንኳን አደረሳችሁ በልልኝ።

«እርስዎ» ያልኩት ጸሐፊውን ነው እንጂ አንተን አይደለም። ሁለታችሁን ለመለየት የሞከርኩት እኔ ብቻ መሆኔን ደብዳቤህ አሳይቶኛል። በኢድ ማግስት ደጋግመህ ስትደውል ያላነሳሁትም ለዚህ ነው። በስልክ ታስቀኛለህ። ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ የተነሳሁበት ነገር ይጠፋኛል።

አሜን ብያለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ምን ሲባል ነው ያልኩት? ኦቦ ቶኩማ «ነፍሱን ይማር» አሉ፤ አሜን አልን። «ልጆቹን ያሳድግ» አሉ፤ አሜን አልን። «ዝናቡን በጊዜው ያምጣልን» አሉ፤ አሜን አልን። «ሌላ ሴት እንደዚች ሴት አትሁን» አሉ፤ አሜን አልን። ከእነዚህ አንዱ ደንብ ከሆነ ሁሉም ደንብ ነው። እንግዲያው ዝናቡን በየትኛው አንቀጽ ልናስገባው ነው? በጊዜው ባይመጣስ የሚቀጣው ማን ነው?

ቀልድ አይደለም፤ አስብበት። አሜን የሚባለው ማንም ሊቃወመው ለማይችል ነገር ነው። እጅ የሚወጣው ደግሞ ሰው ሊቃወመው በሚችለው ነገር ላይ ነው። ባል የሞተባት ሴት ፊት ቆሞ «አይሆንም» የሚል ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ የተገኘ እሺታ እንዴት ስምምነት ይባላል? ያቺ ሠላሳ ቀን አንቀጽ 17 ውስጥ የገባችው ለዚህ ነበር። ሰው ቤቱ ሄዶ፣ ተኝቶ፣ ተነስቶ፣ ሚስቱን ጠይቆ፣ ተናዶ፣ ንዴቱ በርዶለት እንዲመጣ ነበር። ባቱ ላይ ይህን ያልከው አንተ ራስህ ነህ። እኔ አሥራ አምስት ቀን ይበቃል ብዬ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ቁጥሩ። ሰብስቤ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ደንብህ ያን እሁድ በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰብስቤ ያለ ምንም ችግር ተሰልፎ፣ ያለ ምንም ችግር ይሞት ነበር። የሞተውን የማያድን ደንብ ማንን ሊያድን ነው የወጣው?

ያስወጣውን ልንገርህ። ብዙነህን ታውቀዋለህ፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከኔ ቡድን እንደሱ የሚሮጥ የለም። አሁንም እሁድ እሁድ ይመጣል። መለያውን ለብሶ፣ ታኬታውን አስሮ፣ ከግቡ ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ልጆቹ «ጋሼ፣ ጫማውን እንኳ ያውልቁት፣ እግርዎ ይረፍ» አሉት። «ስልሳ ሲሞላኝ ሚስቴ አላባረረችኝም፤ እናንተ አባረራችሁኝ» አላቸው። እነሱ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ማን አቀረበው? ሃምሳ አምስትስ ከየት መጣ? ሁለቱንም ዘለልካቸው። አንተ ካልመለስክልኝ የሺዓለምን ራሷን እጠይቃለሁ።

ዘካርያስ


ሻሸመኔ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017

ዘኪ፣

ወለንጪቲ አትሂድ። አርባው ገና መውጣቱ ነው። ሴትየዋ ያላት ይበቃታል። አንቀጽ ይዘህ ደጇ ላይ አትቁምባት።

ስለ ዝናቡ የጻፍከውን ለኦቦ ቶኩማ አነበብኩላቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ልጁ ልክ ነው» አሉ። ልጁ ያሉት አንተን ነው። እንግዲህ ደስ ይበልህ።

የምትጠይቀኝን ሁሉ አሁን አልመልስልህም። መልስ አጥቼ አይደለም። ይህን አንዱን ተወኝ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተወኝ ብዬሃለሁ?

በሰብስቤ አርባ አላየሁህም። አንተ ለቅሶ የምትቀር ሰው አይደለህም። እንቁ ጉንፋን ይዞት ነው አለችኝ። ጉንፋን ነው?

ጂብሪል


አዳማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ጂብሪል፣

ስለ ጉንፋኑ የጠየቅከው ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

ቅዳሜ ወለንጪቲ ሄድኩ። አትሂድ ማለትህን አንብቤአለሁ። አንቀጽ ይዤ አልቆምኩባትም። እሷው ጀመረችው።

«ስለ ደንቡ ነው የመጡት፣ አይደል ኢንጂነር?»

«ከፈቀድሽልኝ።»

«እኔም የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነበር። ገበያ ስሄድ አንዱ የሰብስቤ ጓደኛ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ መጥቶ 'አንቺ ነሽ አይደል ከሜዳ ያስወጣሽን' አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። ግን ብሎኛል። እኔ ማንን አስወጣሁ?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለችውን ደግማ ነገረችኝ፤ አንድ በአንድ። «ሌላ ሴት እንደኔ እንዳትሆን አንድ ነገር አድርጉ» ነው ያለችው። ሌላ አላለችም። ስለ ዕድሜ አልተናገረችም። «ሰብስቤ እኮ ሃምሳም አልሞላው። ሃምሳ አምስት ብዬ ለማን ልለምን?» አለች።

ከዚያ የጠየቀችኝን ልጽፍልህ እገደዳለሁ።

«ሾፌሩ ግን የት ነበር?»

ጂብሪል፣ አንተ ያን ቀን ከሜዳው ማዶ ነበርክ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እኛን ያመጣው ሚኒባስ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። የምናውቀው ያንን ብቻ ነው፤ የት ሻይ ቤት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፣ ለምን ይጠይቃል? አንድ ርዕሰ መምህር፣ አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅና አንድ መሐንዲስ ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር ያዝን። የወደቀ ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ያለበት ይመስለናል። ክብሪቱ ሲያልቅ ሌላ ክብሪት እንዲመጣ ጮህን። መኪና ይምጣ ብሎ የጮኸ ሰው በኋላ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«በባጃጅ እንደወሰዳችሁት ሰምቻለሁ» አለች። «እግሩ ውጭ ቀርቶ ነበር አሉ። ረጅም ነበር እኮ።»

ሌላ የተነጋገርነው የለም።

ስመለስ ለአቦምሳው አምበል ለወርቄ ደወልኩ። (አዎ፣ በስልክ። እሱ አያስቀኝም።) ደንቡን ማን ጻፈው አልኩት። «ጂብሪል ጽፎ አመጣው፣ ካንተ በቀር እኛ ፈረምን። የሟች ቤተሰብ ጥያቄ ነው አለን። ማን እምቢ ይላል?» አለኝ።

እንግዲህ ያቀረብከው አንተ ነህ። የጻፍከውም አንተ፣ ያጸደቅከውም አንተ። ያልተናገረችውን በየሺዓለም አፍ አደረግክ፤ እሷም ዛሬ ገበያ መሀል የእኛን ቂም ትሸከማለች። አንተን የማውቅህ ሰው ስለሆንኩ ይህን ለክፋት እንዳላደረግከው አምናለሁ። ስለዚህ የቀረችው ጥያቄ አንድ ናት። ለምን ሃምሳ አምስት? ለምን ስልሳ አልሆነም? ለምን አርባ አምስት አልሆነም? ቁጥር ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ለክቶ ነው የሚያስቀምጠው። ምን ለክተህ ነው?

ዘካርያስ


ሻሸመኔ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017

ዘኪ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። እንቁ የላከችልኝ መልእክት ደርሶኛል፤ አንተ ስለ እኔ ማማረር እንዳላቆምክ ጽፋልኛለች። ለምን እንደሆነ ግን እሷ እንደማታውቅ አየሁ።

አንተን ለክቼ ነው።

አሁን ተቀመጥና አንብብ። ቆመህ እንደምታነብ አውቃለሁ።

ጥር ላይ አቦምሳ ስንጫወት፣ ከዕረፍት በፊት «ቀይሩኝ» ብለህ ወጣህ። በሕይወትህ ቀይሩኝ ብለህ አታውቅም። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ስፈልግህ መሬት ላይ ተቀምጠህ አገኘሁህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። ላቡ እንደ ሯጭ ላብ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ግራ ክንድህን በቀኝ እጅህ ይዘህ ነበር። «ጨጓራ ነው» አልከኝ። ከዚያ «ለእንቁ ብትነግራት ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም» አልከኝ። አስማልከኝ፤ ማልኩልህ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስልህ «ከበጀት መዝጊያ በኋላ» አልክ። በሳምንቱ ደውዬ ለመንኩህ። ከዚያም ለመንኩህ። «ሴት አትሁን» ብለህ ዘጋህብኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰብስቤ ወደቀ። ከሜዳው ማዶ ሮጬ ስደርስ ያየሁት ፊት ያንተ ፊት ነበር። ያው አመድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የሺዓለም ስትናገር ሁሉም ያለቀሰው ለሰብስቤ ነው። እኔ እያየሁ የነበረው እንቁን ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊታችን መጥታ «ጂብሪል፣ አንተ ታውቅ ነበር አሉ» ስትለኝ።

አንተ ለሰው ልመና አትታዘዝም። ለእናትህ አልታዘዝክም፣ ለእንቁ አትታዘዝም፣ ለእኔማ ጭራሽ። ለደንብ ግን ትታዘዛለህ። ከሰው ሁሉ አንተ ብቻ ነህ ማንም በማያይበት ቦታ ለደንብ የምትታዘዝ። ስለዚህ ደንብ ጻፍኩልህ። ሃምሳ ስድስት ስለሆንክ ሃምሳ አምስት አልኩ። ሰብስቤ አርባ ዘጠኝ መሆኑን አውቅ ነበር። ደንቡ ለእሱ አልነበረም።

ወላሂ ብዙነህን አላሰብኩትም። ድንጋዩ ላይ መቀመጡን ካንበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። የሺዓለምንም አላሰብኳት። አንድ ሰው ላወጣ ብዬ ስምንት ከተማ ላይ በር ዘጋሁ። አሁንም ብትጠይቀኝ ግን ያንኑ በር እዘጋዋለሁ።

አሁን መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ላንተ ለራስህ ነው ያፈረስኩት። ለእንቁ ንገራት። ለዳግማይ ትንሣኤ አዳማ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ። ያን ጊዜ አንተዋወቅም በለኝ።

ጂብሪል


አዳማ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጤና ቡድኖች ማኅበር ጸሐፊ፣ እንዲሁም ለጂብሪል፣

ይህ ደብዳቤ ለሁለታችሁም ነው። ከጸሐፊው ልጀምር።

በአንቀጽ 17 መሠረት የአዳማ ማለዳ ጤና ቡድን ከዚህ በታች ያለውን የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ሰኔ 15 ቀን ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አቅርቧል። ወለንጪቲና አቦምሳ ደግፈው ፈርመዋል።

«የካቲት 12 ቀን ጸደቀ የተባለው የዕድሜ ገደብ በአግባቡ ስላልቀረበ ተሽሯል። የሟች ቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንዳላቀረበ ይመዝገብ። ከእንግዲህ ማንኛውም ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት ዳኛው የአንድ መኪና ቁልፍ በእጁ ይይዛል፤ የመኪናው ነጂም ከሜዳው ዳር አይርቅም። ቁልፉ ዳኛው እጅ ሳይገባ ፊሽካ አይነፋም። ከየቡድኑ ሁለት ሰው የቆመ ልብን በእጅ ተጭኖ መርዳት ከጤና ጣቢያ ይማራል።»

ወርቄ ከመፈረሙ በፊት «ቲማቲም የሚጭን አይሱዙም ይቆጠራል?» ብሎ ጠይቋል። ይቆጠራል ብያለሁ። ተቃውሞ ካለህ ጉባኤው ላይ ትናገራለህ፤ እኔም ቆሜ አደምጥሃለሁ። የዕድሜ ገደቡንም ከፈለግክ ሁለት ደጋፊ ፈልግና አቅርበው። አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሁለት ሦስተኛው እጁን ካወጣ ግን ታኬታዬን እሰቅላለሁ፣ ቃልም አይወጣኝም። እስከዚያ ብዙነህ ይጫወታል። ትናንት ነግሬዋለሁ። ከድንጋዩ ተነስቶ «ጫማዬን ያላወለቅኩት ለዚህ ነበር» አለኝ።

አሁን ላንተ።

ተናድጃለሁ። ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት፤ ስነሳም ተናድጄ ነው የተነሳሁት። ሰው ለደንብ የሚታዘዘው ደንቡ ለሁሉም ስለሆነ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ የተጻፈ ደንብ ማኅተም የተመታበት ሐሜት ነው። ስለ እኔ ያወቅከው ልክ ነው፤ ለደንብ እታዘዛለሁ። ለዚህም ነው ደንብን እንደዚያ ልትጠቀምበት የማይገባህ። እኔ የማምነው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበርና።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ለምነኸኝ ነበር። ይህም ይመዝገብ።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ደጃችን ቆመህ ሳለ ቀድሜህ እንደነገርኳት አይተሃል። ያላየኸውን ልንገርህ፤ አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው። እንቁ አልጮኸችም። የተጨማደደ አንሶላ እያጠፈች ሰማችኝ። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አቦምሳ ላይ ማን ነበር አብሮህ?»

«ጂብሪል።»

«ሰብስቤ የሞተ ጊዜ ሜዳ ሄደህ የተጫወትከው ከዚያ በኋላ ነው?»

«አዎ።»

አንሶላውን ጨርሳ አጠፈችው። «እሱን ለእራት አስቀረዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አትንገረው» አለች። እራት ላይ ሥጋውን ሁሉ ላንተ የቆረሰችው ይቅር ብላህ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እያየችህ ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉ፣ ማሽን ላይ አስሮጡኝ፣ አስቆሙኝ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አየና «አባቴ፣ ኳስ ይጫወታሉ?» አለኝ። «እጫወታለሁ» አልኩት። «እጫወት ነበር ይበሉ» አለኝ። የምርመራው ቀጣይ አዲስ አበባ ነው፤ ግንቦት 12 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት። በክንዴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቤን ደም ሥር ያያሉ። የጠበበ ካገኙ እዚያው ያሰፉታል፤ ካልሆነላቸው ደረቴ ይከፈታል። ይህን የምነግርህ በሐሜት እንዳትሰማው ነው። ስለዚህ የማልጫወተው ሐኪም ስለከለከለኝ ነው እንጂ ደንብህ ስለከለከለኝ አይደለም። ልዩነቱ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ሆስፒታሉ ደጅ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። እንቁ አለች። እሷ ግን እንዲህ አለች፤ ቃሏን ነው የምጽፍልህ። «የሺዓለም ብቻዋን ነው የሰማችው። እኔ ብቻዬን አልጠብቅም። ሁለታችሁ ተማምላችሁ ከደበቃችሁኝ፣ አንዳችሁ ውስጥ ሲተኛ ሌላው ከኔ ጋር ይቀመጣል። ንገረው።» ነገርኩህ። እሷ እንዲህ ባትልም እጠይቅህ ነበር። ይህን ለመጻፍ ከአንቀጹ ይልቅ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ያን ቀን መኪናውን የምታመጣው አንተ ነህ። ቁልፉን እንቁ እጅ ላይ ታስቀምጣለህ። ሻይ ቢያምርህም አትሄድም።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጸሐፊው ማሻሻያውን ለስምንቱም ቡድኖች ከጉባኤው ሠላሳ ቀን በፊት ያደርሳል ወይ? አንተስ ግንቦት 12 ቀን ማለዳ አዳማ፣ ደጃችን ላይ ትገኛለህ ወይ? የሁለቱንም መልስ፣ ስምህን ጽፈህ ፈርመህበት፣ እስከ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በሚኒባሱ ላክልኝ። ብትደውል አላነሳም። አሜን ብለህ ብትጽፍም አልቆጥረውም። እመጣለሁ ብለህ ጻፍ።

ዘካርያስ